ለአሮጌዋ ሚያታ ቱርቦ ለመግጠም፦ ምን ከምን ይሻላል?

በአሜሪካ ኮሎራዶ ካለችው ዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና 70፣ ከ3,350 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ጋ እስኪደርስ ረጅም ዳገት አለው። የ1992 ማዝዳ ሚያታዬ እዚያ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ ልጅና ብስክሌት የጫኑ የቤተሰብ መኪኖች በግራ በኩል ጥለዋት ሲሄዱ ነው የቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ የመግጠም ሐሳብ የመጣብኝ። የዓባይን በረሃ በተጫነ አይሱዙ የወጣ ሰው የቱርቦን ፉጨት አይረሳውም፤ ያን ቀን ጆሮዬ ላይ ያንቃጨለው እሱ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ ያሰላሁት፣ የገዛሁት፣ አንዳንዱንም አፍርሼ እንደገና የገጠምኩት ነው። ምሳሌዬ ሚያታ ብትሆንም አብዛኛው ነገር ለሌሎች ባለ አራት ሲሊንደር አሮጌ የስፖርት መኪኖችም ይሠራል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ሰው ሁሉ የሚከራከረው ስለ ቱርቦው መጠን ነው፤ እኔ ግን ገንዘብዎን መጀመሪያ ነዳጁንና ብልጭታውን በሚያዘው ኮምፒውተር ላይ ያውሉ እላለሁ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ቱርቦ ነው ወይስ ሌላ መላ?

ሞተር ጉልበት የሚያወጣው በሚተነፍሰው አየር ልክ ነው። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 1 ባር ገደማ ነው፤ ዴንቨር ላይ 0.83፣ አዲስ አበባ ላይ 0.76፣ ዋሻው ደጃፍ ላይ ደግሞ 0.67 ገደማ ይሆናል። ከፋብሪካ በ116 የፈረስ ጉልበት የወጣችው ባለ 1.6 ሊትር ሚያታ ዴንቨር ላይ ወደ 97፣ ዋሻው ጋ ወደ 80 ትወርዳለች ማለት ነው። ለዚህ ችግር የሚቀርቡት መድኃኒቶች ግን ብዙ ናቸው።

ርካሹ ሞተሩን በባለ 1.8 መለወጥ ነው። ከ1994 ጀምሮ የመጣው ባለ 1.8 ሊትር ሞተር 128፣ በ1996 እና 1997 ደግሞ 133 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በ1.6ዋ ውስጥ ሻንሲ ሳይቆረጥ ይገባል። ጭማሪው ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ያለዎት ሞተር የደከመ ከሆነ ቱርቦ ከመግዛት በፊት መደረግ ያለበት ይኸው ነው፤ በደከመ ሞተር ላይ ቱርቦ መጫን የታመመ በቅሎ ላይ ሁለት ኩንታል እንደመጨመር ነው።

ሁለተኛው ሱፐርቻርጀር ነው። እሱም እንደ ቱርቦ አየር ያምቃል፤ ግን በሞተሩ ቺንጋ ስለሚዞር እግርዎ ነዳጁን ሲነካ ወዲያው ይመልሳል፤ ቧንቧው ጥቂት፣ በጭስ ማውጫው በኩል የሚጨምረው ሙቀትም አነስተኛ ነው። በቆላ ወይም በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ቢመርጠው አልወቅሰውም። በደጋ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሱፐርቻርጀር አየሩን የሚያባዛው ፑሌጃው (ቺንጋው የሚያዞረው መንኮራኩር) በወሰነለት ልክ ብቻ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል 6 ፒኤስአይ (0.4 ባር ገደማ ጭማሪ ግፊት) የሚሰጠው ዴንቨር ላይ ወደ 5 ይወርዳል። የቱርቦ ግፊት መልቀቂያ በር ግን የሚሠራው ከውጭው አየር ጋር በሚመዛዘን ሞላ ነው፤ ቱርቦው ፈጥኖ እየዞረ እዚያው 6 ፒኤስአይ ላይ ለመድረስ ይጥራል። የአይዘንሃወርን ዳገት ለሚወጣ ሰው ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ሦስተኛው መንገድ ፋብሪካው ራሱ ቱርቦ የገጠመላትን መግዛት ነው። ማዝዳ በ2004 እና 2005 ማዝዳስፒድ የተባለችውን ሚያታ በ178 የፈረስ ጉልበትና በባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ሸጧል። ቅዳሜዎን ከመኪናው ሥር ተኝተው ሳይሆን እየነዱ ማሳለፍ ከፈለጉ ንባብዎን እዚህ ላይ አቁመው እሷን ይፈልጉ፤ የምሬን ነው። እኔ ያልገዛሁት ብቅ ጥልቅ የሚሉትን የፊት መብራቶች ስለምወድ ብቻ ነው፤ እነሱ እስከ 1997 በተሠራችው የመጀመሪያዋ ሚያታ ላይ ቀርተዋል። ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ ሞተር መክተት የሚባለውንም አውቃለሁ፤ እሱ ሌላ መኪና መሥራት ነው፣ በጀቱም ሌላ ነው።

ከመግዛት በፊት ትንፋሿን መለካት

እዚህ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ውስጥ፣ በአገር ቤት የጭነት መኪና ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ አረጋዊ መካኒክ አሉ። የቱርቦ ዝርዝሬን በወረቀት ይዤ ስሄድባቸው ወረቀቱን አላዩም። "ልጄ፣ መጀመሪያ ትንፋሿን ለክተሃል?" አሉኝ። አልለካሁም ነበር። አራቱንም ካንዴላዎች አውጥተው የግፊት መለኪያውን በየተራ አስገቡና እኔን የማስነሻውን ቁልፍ አስያዙኝ፤ ቁጥሮቹን በኖራ ኮፈኑ ላይ ጻፉ። ሦስቱ ተቀራራቢ ሆኑ፤ አራተኛው ትንሽ ዝቅ አለ። "ከአሥር በመቶ በታች ነው፤ ይሁን" አሉ። "ያየኸውን ቁጥር ግን ከመጽሐፉ ጋር አታስተያየው፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው።"

ልክ ናቸው። በከፍታ ላይ የሚለካ የሲሊንደር ግፊት ከመመሪያው ቁጥር ዝቅ ማለቱ አይቀርም። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከአሥር በመቶ ካለፈ ቱርቦውን ይርሱትና የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮንና የፒስተን ቀለበቶቹን ያስመርምሩ።

የ1990 እና የ1991 መጀመሪያ ሚያታ ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ምርመራ አለበት። በእነዚያ ሞተሮች ላይ የክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) አፍንጫ አጭር ነበር፤ ፑሌጃውን የሚይዘው ቁልፍ መቀመጫው ውስጥ እየላላ ክራንክሻፍቱን ያበላሻል። ለመለየት ኮፈኑን ከፍተው የፊት ፑሌጃውን ማየት ይበቃል፦ አራት ክፍተት ካለው አጭሩ፣ ስምንት ካለው ረጅሙ ነው። አራት ከቆጠሩ፣ በዚያ ሞተር ላይ ቱርቦ አይግጠሙ፤ ሌላ ሞተር ያፈላልጉ።

ከ1.6 እና ከ1.8 የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ሁለቱም ያለ እንከን ካለዎት 1.8ቱ ይሻላል። በዝቅተኛ ዙር ጉልበት አለው፤ የ1994ቷና ከዚያ ወዲህ የመጡት መኪኖች ዲፈረንሻልም ባለ 7 ኢንች ነው፤ የ1.6ዋ ባለ 6 ኢንች ዲፈረንሻል በቱርቦ ጉልበት ሲሰበር ብዙ ታይቷል። ሁለቱም ሞተሮች የጋራ ድካማቸው ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ነው። ባለቤቶች በልምድ የሚስማሙበት ድንበር በጎማ ላይ ሲለካ ለ1.6 ሁለት መቶ የፈረስ ጉልበት አካባቢ፣ ለ1.8 ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ቢየላን የሚያጣምመው ደግሞ በከፍተኛ ዙር የሚመጣው ጉልበት ሳይሆን በዝቅተኛ ዙር በድንገት የሚመጣው ግፊት መሆኑን ልብ ይበሉ። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ በአምስተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻ መርገጥ የቢየላ ጠላት ነው።

ሙሉ ጥቅል ወይስ ዕቃ መልቀም?

ሙሉ ጥቅል ማለት ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ለቱርቦው የሚያደርሰው)፣ ቱርቦው፣ የዘይትና የውኃ መስመሮቹ፣ የጭስ ማውጫ ቧንቧውና የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ማቀዝቀዣ ተለክተው በአንድ ካርቶን የሚመጡበት ነው። ዕቃ መልቀም ደግሞ ማኒፎልዱን ከአንዱ፣ ቱርቦውን ያገለገለ ከሌላው እያሉ ማሰባሰብ ነው። በወረቀት ላይ ሲደመር መልቀም ግማሽ ያህል ዋጋ ያወጣል። እኔም ያንን ደምሬ ነው የለቀምኩት።

በወረቀቱ ላይ ያልነበረው ምን መሰላችሁ? የማይገጥሙ ፍላንጆች፣ ሁለት ጊዜ የታዘዙ ጓርኒሲዮኖች፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቧንቧ፣ ብየዳ። ከሁሉ የከፋው የዘይት መመለሻው ነበር። ቱርቦው ዘይት የሚቀበለው በግፊት ነው፤ የሚመልሰው ግን በራሱ ክብደት እየወረደ ነው። ስለዚህ መመለሻው ቱቦ ወፍራም፣ ሳይታጠፍ ቁልቁል የሚወርድ፣ የሞተሩ ዘይት ቋት ላይ የሚገባበት ቀዳዳም ከዘይቱ ከፍታ በላይ መሆን አለበት። ቀዳዳውን ያስበሳሁበት ጋራዥ ዝቅ አድርጎ በሳው፤ እኔም ቱቦውን ለማስገባት ብዬ በሻንሲው ሥር ትንሽ አጎበጥኩት። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ምንም የላትም። መብራት ላይ ሁለት ደቂቃ ቆማ ስትነሣ ግን ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ አውራ ጎዳናውን ሸፈነው። ቱርቦው ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ልገዛ ነበር። ጋሼ ተንበርክከው ቱቦውን በባትሪ አዩትና "ይህ ቱቦ እኮ ዘይት የሚያጠራቅም ድስት ነው" አሉ። ቋቱ ወረደ፣ ቀዳዳው ተደፈነ፣ ከፍ ብሎ ተበሳ፤ ጭሱ በዚያው ቀረ።

ከዚህ የተነሣ ፍርዴ እንዲህ ነው፦ መበየድና መቁረጥ ራስዎ የሚችሉ ከሆነ ይልቀሙ። በየብየዳው ለሌላ ሰው የሚከፍሉ ከሆነ ጥቅሉ በመጨረሻ ይረክሳል። መካከለኛ መንገድም አለ፤ ማኒፎልዱን፣ የጭስ ማውጫ ቧንቧውንና የዘይት መስመሩን ከአንድ ሠሪ መግዛት፣ ቱርቦውንና ማቀዝቀዣውን ለብቻ መፈለግ። ዛሬ ብጀምር የምመርጠው ይህንን ነው።

ማኒፎልድ ላይ ብዙ አልቆይም። ከብረት የተቀለጠው ከባድና መልከ ጥፉ ነው፤ ግን በቀላሉ አይሰነጠቅም። ከቱቦ የተበየደው ያምራል፣ አየርም የተሻለ ያሳልፋል፤ ርካሹ ግን ቱርቦው ተንጠልጥሎበት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። ለመንገድ መኪና የተቀለጠውን ይያዙ። ቱርቦውን ከማኒፎልዱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች በሙቀት እየላሉ ስለሚወጡ ግን ቆጥበው አይግዙ፤ የማይላላ ዳዶና መቆለፊያ ቀለበት ያድርጉባቸው።

ትንሽ ቱርቦ ወይስ ትልቅ?

ጠቅላላው ስሌት ቀላል ነው፦ በደቂቃ 1 ፓውንድ አየር ወደ 10 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሁለት መቶ ከፈለጉ 20 ፓውንድ በደቂቃ የሚያሳልፍ ቱርቦ ይበቃዎታል። ጋሬት ከተባለው ቱርቦ ሠሪ ሥራዎች ጂቲ2554አር እና ጂቲ2560አር ለዚህ ሞተር በብዛት ይመረጣሉ፤ የመጀመሪያው እስከ 270፣ ሁለተኛው እስከ 330 የፈረስ ጉልበት የተመደቡ ናቸው። የሚትሱቢሺ ቲዲ04 ደግሞ ከፋብሪካ ቱርቦ መኪኖች ወልቆ በርካሽ ይገኛል።

ትልቁን የሚገዛ ሰው ሁልጊዜ "ነገ ሞተሩን አጠናክረዋለሁ" ይላል። ያ ነገ ሲመጣ ያየሁት ጥቂት ነው። እስከዚያ ድረስ ከ4,000 ዙር በታች ምንም የሌለው መኪና ይነዳል፤ በዴንቨር ስስ አየር ደግሞ ትልቅ ቱርቦ እስኪነቃ የበለጠ ይዘገያል። የሞተርዎ ቢየላ የሚፈቅደው ሁለት መቶ ከሆነ የ330 ቱርቦ ምን ያደርግልዎታል? እኔ 2554ን መረጥኩ፤ በከተማ ውስጥ በሁለተኛ ማርሽ መዞሪያ ስወጣ አይጸጽተኝም። ትንሽ ቱርቦ ቶሎ ስለሚነቃ ግን ከላይ ያልኩት የዝቅተኛ ዙር ግፊት አደጋ የሚመጣው በእሱ በኩል ነው። ግፊቱን በዙር ለይቶ የሚቆጣጠር ኮምፒውተር ካለዎት መፍትሔው በእጅዎ ነው።

ኩሽኔታውን በተመለከተ፣ በኳስ የሚዞረው ቶሎ ይነቃል፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። በዘይት ላይ የሚንሳፈፈው ርካሽ ነው፤ ቢበላሽም ይታደሳል። ስም የሌላቸው እጅግ ርካሽ ቱርቦዎችን አልመክርም። ክንፉ ሲሰበር የሚሄደው ወደ ሞተሩ ነው።

የሚያዘው ክፍል

የ1.6ዋ ሚያታ የፋብሪካ ኮምፒውተር የሚገባውን አየር የሚለካው በአየሩ በምትገፋ የምትወዛወዝ ክዳን ነው። ክዳኗ እስከ መጨረሻ ከተከፈተች በኋላ አየር ቢጨመር ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ ያላወቀውን አየር የሚመጥን ነዳጅም አይጨምርም። ነዳጅ ያነሰበት ቱርቦ ሞተር ውስጥ ድብልቁ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፣ ፒስተኑም ይቀልጣል። በዚያች ሞተር ላይ የፍንዳታን ድምፅ የሚሰማ ዳሳሽ ከፋብሪካ የለም። ማለትም ሲፈነዳ የሚነግርዎ የለም።

ሦስት መንገዶች አሉ። የድሮው መንገድ ግፊት ሲጨምር የነዳጁን ግፊት የሚያንር ሜካኒካል መቆጣጠሪያና ብልጭታውን የሚያዘገይ ሣጥን መጨመር ነው። ለ5 ወይም 6 ፒኤስአይ ሠርቷል፤ የ1990ዎቹ ቱርቦ ገጣሚዎች ያሳለፉት በዚህ ነው። ጉድለቱ ግምት መሆኑ ነው፤ አንዱ ዙር ላይ ነዳጅ ይበዛል፣ ሌላው ላይ ያንሳል። ሁለተኛው መንገድ ከፋብሪካው ኮምፒውተር ጎን ተለጥፎ ምልክቶቹን የሚያታልል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የተሻለ ነው፤ ግን ክዳኗ እዚያው ናት።

ሦስተኛው ሙሉ ምትክ ኮምፒውተር ነው። ሜጋስኩዊርት ለዚህች መኪና በፋብሪካው ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካ ዓይነት አለው፤ ሊንክና ሃልቴክም ይሠራሉ። የአየር መለኪያዋ ክዳን ወልቃ ትወጣለች፤ በምትኳ የአየር ማስገቢያውን ማኒፎልድ ፍጹም ግፊት የሚያነብ ዳሳሽ ይገባል። ከዴንቨር እስከ ዋሻው የውጭው ግፊት ከ0.83 ወደ 0.67 ሲወርድ ኮምፒውተሩ ያውቃል፣ ነዳጁንም ያስተካክላል። ገንዘቤን ካወጣሁባቸው ዕቃዎች ውስጥ ያላመነታሁበት ብቸኛው ይህ ነው። ቱርቦ ሳይገጥሙ በፊት ይግጠሙት፣ ያለ ቱርቦ አንድ ወር ይንዱ፣ ቋንቋውን ይልመዱ። ከዚያ ቱርቦው ሲመጣ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ነው የሚጨመረው፤ ችግር ቢፈጠር የት እንደሆነ ይታወቃል።

ከኮምፒውተሩ ጋር ሁለት ነገሮች አብረው ይገዛሉ። አንደኛው የአየርና የነዳጅ ምጥጥንን በስፋት የሚያነብ መለኪያ ነው፤ ሙሉ ግፊት ላይ ከ11.5 እስከ 12 መካከል ማንበብ አለበት፤ 13ን ካዩ ነዳጅ አንሷልና እግርዎን ያንሡ። ሁለተኛው ነዳጁን የሚረጨው ኢንጀክተር ነው። 200 የፈረስ ጉልበት በአራት ኢንጀክተር፣ ከአቅማቸው 80 በመቶ ብቻ ሲሠሩ፣ እያንዳንዳቸው በደቂቃ ወደ 390 ሲሲ ማፍሰስ አለባቸው። የፋብሪካው የዚህን ግማሽ ገደማ ነው የሚሰጠው። ከ420 እስከ 550 ሲሲ ያለውን ይምረጡ፤ ከዚያ ካለፈ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ መንተክተክ ትጀምራለች።

ስለ ቤንዚን አንድ ነገር። ኮሎራዶ ውስጥ ተራው ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው፤ ስስ አየር ለሚተነፍስ ተራ ሞተር ይበቃል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ቱርቦ የገጠመ ሰው ግን ከፍታውን መልሶ ዝቅ አድርጎታል፤ 91ዱን መቅዳት ግድ ነው።

ሙቀት

አየር ሲታመቅ ይግላል። በ25 ዲግሪ ቀን፣ በባሕር ወለል፣ አየሩን ወደ 1.5 ባር የሚያምቅ ደህና ቱርቦ በ77 ዲግሪ ገደማ ያስወጣዋል። ዴንቨር ላይ እዚያው 1.5 ባር ለመድረስ 0.83ን ወደ 1.8 እጥፍ ማባዛት ስላለበት የሚወጣው አየር 103 ዲግሪ ይጠጋል። ከፍታ ላይ ማቀዝቀዣ እንደ ቅንጦት የሚቆጥር ሰው ይህን ልዩነት ይመልከት። ለ200 የፈረስ ጉልበት ግዙፍ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ የመኪናዋን የፊት አፍ ሙሉ በሙሉ የዘጋ ማቀዝቀዣ አየሩን አቀዝቅዞ ራዲያተሩን ያንቃል።

ሚያታ የራሷ የሆነ ችግርም አላት። ሞተሩ መጀመሪያ የተነደፈው በአግድም ለሚቀመጥባቸው መኪኖች ነበር፤ ወደ ሚያታ ሲመጣ የውኃ መውጫው ከፊት ሆነ። ውኃው ከፊት ገብቶ ከፊት ስለሚወጣ የኋለኛው አራተኛው ሲሊንደር የድርሻውን አያገኝም። የውኃውን መውጫ ወደ ቴስታታው ጀርባ ማዛወር የሚባለው ሥራ ይህንን ያርማል። ለከተማ ብቻ ከሆነ ሊቆይ ይችላል፤ እንደ እኔ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዳገት ለሚወጣ ግን ከቱርቦው ጋር በአንድ ጊዜ ይሠራ። ጋሼ የኮፈኑ ላይ ቁጥሮች ሲያዩ አራተኛው ዝቅ ማለቱ ለምን እንዳልደነቃቸው የገባኝ በኋላ ነው።

የቀረው

የፋብሪካው ፍሪሲዮን የቱርቦ ጉልበት ሲመጣ በአራተኛ ማርሽ መንሸራተት ይጀምራል፤ ካምቢዮ የሚወርድበት ቀን ካለ ያኔውኑ ይለውጡት፣ የእጅ ዋጋውን ሁለት ጊዜ አይክፈሉ። ባለ 6 ኢንቹን ዲፈረንሻል በባለ 7 ለመለወጥ የኋላ ዘንጎቹም አብረው ይለወጣሉ፤ ሲገዙ አንድ ላይ ይግዙ።

ሕጉን ከመጀመሪያው ይጠይቁ። የጭስ ምርመራ ባለበት አካባቢ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (ጭሱን የሚያጸዳውን ክፍል) አውጥቶ መጣል ሕገወጥም ነው፣ ከምርመራው ያስጥላልም። ካሊፎርኒያ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ከክፍለ ግዛቱ የአየር ጥራት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር የሌለውን ዕቃ ባይገዙ ይሻላቸዋል፤ ሲገዙ ቁጥሩን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ከመኪናዋ የወለቀውን ምንም ነገር አይጣሉ። የእኔ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ የአየር መለኪያዋ ክዳን፣ የፋብሪካው ማኒፎልድ፣ አራቱ ኢንጀክተሮችና ብሎኖቻቸው በየከረጢቱ ስማቸው ተጽፎ በአንድ ካርቶን ተቀምጠዋል። አንድ ቀን የሚገዛት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ካርቶን ነው።